በቀይ የመለስኩት ደብዳቤ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 13 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልጄ ለወሰንየለሽ ተክለጻድቅ
ድሬዳዋ

ወሰኔ፣ ጤናሽን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ የምጠይቀውም ለወጉ አይደለም። ስልክሽ ከመስከረም ወዲህ አይጠራም። እናትሽ ስትጨቀጭቀኝ "ኔትወርክ ነው" እላታለሁ። እኔን ከጠየቅሽ እግሬ ተሽሎታል፤ እንቅልፍ ግን የለኝም።

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ፍርድ ቤት ደጃፍ ዛፍ ሥር ማመልከቻ እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። ባለፈው ወር ሻሺቱ የምትባል ሙዝ ቸርቻሪ ከጫኖ መጣች። "ጋሼ፣ ባሌ ሊገለኝ ነው። መጥረቢያ ስሎ አልጋ ሥር አስቀምጧል፤ 'ያንቺ ነው' ይለኛል" አለችኝ። አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው ዝርክርክ ነገር አይወድም። "እንዲህ ያለው ወሬ መንግሥት ፊት አይቀርብም፤ ማመልከቻ አጠር ያለና ጨዋ መሆን አለበት" አልኳትና "ከባለቤቴ ጋር ባለመግባባታችን ምክንያት" ብዬ በአምስት መስመር ጨረስኩት። መጥረቢያውን ከጽሑፉ አወጣሁት። ሳነብላት "ይሄ የኔ ነው?" አለች። "ያንቺው ነው፣ ታጥቦ ነው" ብዬ ቀለድኩባት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ዳኛው ያነበበው እኔ የጻፍኩትን ነው። አለመግባባት ከሆነ በሽማግሌ ጨርሱ ተባሉ። ታረቁ። በአራተኛው ቀን በዚያው መጥረቢያ ገደላት።

ወንድሟ ካሱ ወረቀቱን ይዞ መጣ። አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። "ጋሼ፣ የመጥረቢያውን ነገር ነግራዎት ነበር?" አለኝ። "ነግራኛለች" አልኩት። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዛፉ ሥር አልተቀመጥኩም።

ልጄ፣ ያን ቀን ቤት ስገባ የሰኔው ደብዳቤሽ ትዝ አለኝ። "አባዬ፣ እጁ አላርፍ አለ። ምን ላርግ?" ብለሽ ነበር። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ እንደለመድኩት በቀይ እስክሪብቶ አርሜ፣ "ላርግ የአፍ ነው፤ በጽሑፍ ላድርግ ይባላል" ብዬ ጥጉ ላይ ጽፌ መለስኩልሽ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ለእናትሽም አላሳየኋትም። ቀሪውን ሳላነበው ቀርቼ አይደለም፣ አንብቤዋለሁ። ባልሽን "ጨዋ ልጅ ነው፣ አግቢው" ያልኩሽ እኔ፣ ሠርጉን የደገስኩት እኔ። አፈርኩ። ሰው ምን ይላል ብዬ ፈራሁ።

ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው፦ ውጪ። ልብስ አትሰብስቢ፣ ሽማግሌ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ውጪና ነይ። ሰው የሚለውን እኔ እችለዋለሁ። ሰኞ ጡረታዬን እንደተቀበልኩ እኔም ወደ አንቺ አውቶቡስ እይዛለሁ። ይህን ደብዳቤ ወደ ድሬ ለሚጭን ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ለራስሽ በእጅሽ እንዲያስረክብሽ አስምዬዋለሁ።

እመቤቴ ከክፉ እጅ ትሰውርሽ። እንደ አፍሽ፣ እንደመጣልሽ፣ አንድ መስመር ጻፊልኝ። ባትጽፊም ግድ የለም። ብቻ ይህን ከፍተሽ የምታነቢው አንቺው ሁኚልኝ።

አባትሽ
ተክለጻድቅ