ስለ ተቃጠለው ሲፒዩ ለጥገና ክፍል ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጸና፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የተመቸ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ እኔ የታችኛው ፎቅ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ እጅ ነሥቼ ይህን ደብዳቤ አቀርባለሁ። በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ በደንቡ መሠረት ያስገባኋቸውን ማመልከቻዎች ሁሉ ውሃ ስለበላቸውና እርስዎም የሰው ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ እንደሚቻል ስላስተማሩን ነው።

1ኛ፦ ትዕግሥት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ኮምፒውተሬ አንድ ማለዳ ስከፍተው ሦስት ጊዜ ጢጥ ብሎ ማያው ጨለመ። የጥገና ፎርም ሞላሁ። በሳምንቱ ክፍልዎ ደውሎ አጥፍቼ እንዳበራው መከረኝ፤ አጥፍቼ አበራሁት። በሁለተኛው ሳምንት ኬብሉን ነቅዬ እንድሰካው መከረኝ፤ ነቅዬ ሰካሁት። በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያው ፎርም ጊዜው ስላለፈበት ሌላ እንድሞላ ታዘዝኩ። ባለጉዳይ በመስኮቱ ተሰልፎ ሲጠብቀኝ፣ እኔ በጠቆረው ማያ ላይ የራሴን ፊት እያየሁ ዋልኩ።

2ኛ፦ በየሲፒዩው ሽፋን ላይ፣ ያለ ፎርም እንዳይከፈት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ስላስለጠፉልን አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት የክፍልዎ ባለሙያ የሆነችው እህታችን በመተላለፊያው ስታልፍ ጎራ ትል ነበር። ያው ጢጥታ ያን ጊዜ ባጋጠመኝ ዕለት የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀለች፣ ሽፋኑን ከፈተች፣ ሚሞሪውን አውጥታ ጫፉን በተማሪ ላጲስ ፈገፈገችና መልሳ ሰካችው። ከአምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። በዚህኛው ጊዜ ደረጃ ላይ አግኝቼ ብለምናት፣ «ወንድሜ፣ ብመጣልህ ደስ ባለኝ፤ ግን ፎርሙ ሳይፈረም ብነካው ጣጣው ለእኔ ነው» አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

3ኛ፦ ይህ ቁጥር ምስጋና ሳይሆን ኑዛዜ ነው። በምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ሲሆን ማኅተሙን በምላጭ ልጬ ሽፋኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሚሞሪውን እንዳየሁት በላጲስ ፈገፈግኩ። ገመዱን መንቀል ግን ረሳሁ። ብልጭ አለ፣ ቤቱን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው። መስኮቱን ከፍቼ፣ ማኅተሙን በሙጫ መልሼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀመጥኩ።

ለታመመው ኮምፒውተር ሦስት ሳምንት ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ክፍልዎ፣ ለተቃጠለው በግማሽ ሰዓት አምስት ሰው ይዞ ስለደረሰ ፍጥነቱን ሳላደንቅ አላልፍም። ማኅተሙ ተነካክቷል፤ በኮምፒውተሩ የጥገና መዝገብ ላይ የመጨረሻው ፊርማ የእህታችን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጥፋተኛዋ ተገኘች፤ ስሟም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። እኔንም በምስክርነት ጠርተው ሌላ ሰው ሲከፍተው አይቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላየሁም አልኩና ፈረምኩ። ሌላ ሰውማ አላየሁም።

የአሥራ አንድ ዓመት ባለሙያ ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ወርዳ በወንበሮች እግር ላይ ቁጥር ትለጥፋለች። በየጠዋቱ ደረጃው ላይ ሰላም ትለኛለች፤ የእናቴን ጤና ትጠይቀኛለች። «ደህና ናት» ብዬ እጣደፋለሁ። እርስዎን ስወቅስ የምውልበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እሷን የጎዳሁት ግን እኔ ነኝ፤ ያፈርኩትም በራሴ ነው።

ስለዚህ እህታችን ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም በእሷ ስም ፈንታ የእኔ እንዲለጠፍ በትሕትና እለምናለሁ። ለሚሰጡኝ ፈጣን ምላሽ፣ ማለትም ከጡረታዬ በፊት ለሚደርሰኝ፣ ምስጋናዬን አስቀድሜ እያቀረብኩ፣

የሁለት ፎርሞችዎ ባለቤት፣ የአንድ ሐሰት ፈራሚ፣
የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ በተቃጠለው ምትክ የተሰጠኝ አዲሱ ኮምፒውተር ድርግም አለ፤ ደብዳቤውንም ገና አላስቀመጥኩትም ነበር። ክፍልዎ ለሐሙስ ቀጠረኝ። ልቤ እስከ ሐሙስ እንደማይጸና ስለማውቀው ዕቃ ግምጃ ቤት ወርጄ እሷኑ ጠራኋት። ከጠረጴዛው ሥር ገብታ የላላውን ገመድ አጠበቀች፤ የጠፋውን ጽሑፍ ፈልጋ መለሰችው፤ ትክክለኛው መሆኑን ለማረጋገጥም ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የላጲሱን ዘዴ ያሳየችው ለእኔ ብቻ ስለነበር፣ በተቃጠለው ሲፒዩ ውስጥ የላጲስ ፍርፋሪ ካየችበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ኖሯል። «አንተው እስክትናገር ነበር የጠበቅኩት» አለችና ደብዳቤው እንዲታተም ማተሚያው ላይ ወረቀት ሞልታልኝ ወጣች። የሐሙሱ ቡድንዎ እንዳይደክም ይንገሩልኝ። ያለ ፎርም የጠራኋት እኔ ነኝ፤ የቅጣቱን ደብዳቤ ሲያዘጋጁ በዚህኛው እንኳ ስም እንዳይሳሳቱ አደራ።