በቀን ስለ ተከደነው ጣሪያችን

ለክቡር የከተማችን አየር ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ፣
በደቡቡ ኮረብታ፣ ጭሱ ከማይደርስበት ፎቅ።

ጉዳዩ፦ በስልካችን ስለ ላኩልን የጥንቃቄ ምክር በአደባባይ ምስጋና ስለማቅረብ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የሳንባዎን ጤና፣ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የጎምቦ ልጅ ዳምባ፣ በኡላንባታር ሰሜናዊ ዳገት፣ ከበግ ሱፍ በተሠራ ክብ ቤት ከስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ከኡያንጋ ጋር የምኖር፣ የጥንቱን ጽሕፈትና ግብረ ገብ ከአባቴ እግር ሥር የተማርሁ ሽማግሌ ነኝ። አባቴ «ሹም ሲናገር ቆመህ ስማ» ይለኝ ነበርና፣ ሰኞ ጠዋት መልእክትዎ ሲደርሰኝ ቆሜ አነበብሁት፦ «አየሩ እጅግ አደገኛ ነው። ከቤት አትውጡ። የአየር ማጣሪያ አብሩ። መስኮትና ቀዳዳ ሁሉ ዝጉ።»

አንደኛ፤ ከቤት አትውጡ ስላሉን እናመሰግናለን። ኡያንጋ በዚህ የብርድ ወራት ሳንባዋ ሁለት ጊዜ ታሞ ሆስፒታል ተኝታ ወጥታለች፤ ሐኪሟም ሦስተኛውን እንደማትችለው ነግሮናል። ስለዚህ ትእዛዝዎን ገና ሳይሰጡት ስትፈጽመው ቆይታለች። መዋዕለ ሕፃናቱ ተዘግቷል፤ እኩዮቿ በየቤታቸው ተከተዋል፤ ከእኔ ፊት በቀር የምታየው ፊት የለም፤ የእኔም ፊት ለሕፃን መጫወቻነት የተሠራ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ስለ ማጣሪያው እናመሰግናለን። ዳገቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲያበራው የሰፈሩ መብራት ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ኩባያ ማስቀመጫ ሆኖ በታማኝነት ያገለግለናል።

ሦስተኛ፤ ባለፈው ወር ሰፈራችንን በጎበኙ ጊዜ፣ የመኪናዎን መስኮት ጥቂት ዝቅ አድርገው፣ «እናንተው እያነደዳችሁ እናንተው ታማርራላችሁ!» ብለውናል። እውነትን ማንም ቢናገራት እቀበላለሁ። ጭሱ የእኛ ነው፤ ከሰሉን የምናነደው እኛው ነን። ሠላሳ ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ የማያነድ ሰው ጭስ የለውም፤ እስትንፋስም የለውም። ይህን ሁለተኛውን ክፍል፣ መስኮቱ ቶሎ ስለ ተዘጋ፣ ሳይነግሩን ሄዱ።

አራተኛውና ዋናው፣ ዝጉ ያሉን ቀዳዳ ነው። ቤታችን መስኮት የለውም። ያለው አንድ ቀዳዳ በጣሪያው መካከል ነው፤ ብርሃን የሚገባው፣ የምድጃውም ቱቦ የሚወጣው በእርሱ ነው። በልማዳችን የዚህ ቀዳዳ መክደኛ ጠዋት ይገለጣል፤ በቀን ተከድኖ የሚውለው ሰው የሞተበት ቤት ብቻ ነው። ይህን ለሰፈሩ ልጆች ያስተማርሁ እኔው ነኝ። ሆኖም ልማድ ከሕፃን ሳንባ አይበልጥም ብዬ፣ ታፍነን እንዳንሞት እሳቱን አጠፋሁ፣ ቱቦውን አወረድሁ፣ በጠራራ ቀን ጣሪያዬን ከደንሁ። ጨለማውና ውርጩ አብረው ገቡ። ልጅቱን ባለኝ ብርድ ልብስ ሁሉ ጠቅልዬ፣ ሕግ አክባሪ ሆኜ ተቀመጥሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ዶልጎር፣ እንደ ወትሮዋ ከደጅ ቆማ «ውሻችሁን ያዙልኝ!» ብላ ሳትጮኽ፣ ወተት ይዛ እያለቀሰች ገባች። «ውይ ጋሽ ዳምባ! ልጅቷ ናት? ሌሊቱን ስታስል ሰምቻት ነበር እኮ!» ከኋላዋ የከሰል መኪና ነጂው ሙንኽ ከረሜላና የደረቀ እርጎ ተሸክሞ፣ ከእርሱም ኋላ ግማሹ ሰፈር ቆሟል። ኡያንጋ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ብቅ ስትል ሙንኽ ደረቱን ይዞ፣ «አንቺ! ልትገድዪን ነው እንዴ? በይ ነይ፣ የራስሽን የለቅሶ ከረሜላ ብዪ!» አላት። ዶልጎርም እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች፦ «እርስዎ ደግሞ በዚህ ዕድሜዎ፣ ቢሮ ያለውን ሁሉ ይሰማሉ?»

ለቀስተኞቹ ግን አልሄዱም፤ ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ተቀምጠው ቀለዱ፤ ልጅቱም እስክታስል ሳቀች። ሲወጡ ጣቶቿ ከብርዱ ጠቁረው ነበርና ጣሪያውን ገልጬ ምድጃውን መልሼ አነደድሁ፤ ጭሱም ከሰፈሩ ጭስ ጋር ተደባልቆ ተመለሰልን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሳሏ አላቋረጠም። ከብርዱና ከጭሱ የትኛውን እንድመርጥላት ቢሮዎ በሚቀጥለው መልእክቱ ቢያስታውቀኝ፣ አሁንም ቆሜ አነበዋለሁ።

ዕድሜዎን እንደ ፎቅዎ ከፍ፣ አየርዎንም እንደ ኅሊናዎ ያልተነካ ያድርግልኝ እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በአጭር ትንፋሽ እሰናበታለሁ፤

የጎምቦ ልጅ ዳምባ

ማስታወሻ፦ የምክርዎን ፍሬ ያውቁ ዘንድ፣ መክደኛውን መልሼ ስገልጥ ኡያንጋ ከአልጋዋ ሆና ያለችኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አሰፍራለሁ፦ «አያቴ፣ ነገም እንክደነው፤ ሰው ይመጣልናል።»