የናሳቩ ምሽግ ጠባቂ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? አባዬ ከስኳር ፋብሪካው ጡረታ ከወጣ ወዲህ የድስት ክዳን እየከፈተ እንደሚያማርርሽ በስልክ ስትነግሪኝ ስቄ አልጠገብኩም። ለእሱም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ትንኝ ግን በልቶ ሊጨርሰኝ ነው። አሁን ቁጭ በዪና የቀረውን አንብቢ።

እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ለአዲሱ መጽሐፌ አሮጌ እስር ቤት ለማየት ሱቫ እሄዳለሁ ብዬሽ ነበር። ያለሁት ናሳቩ ነው፤ ወንድምሽ ቤት። ይህን የምጽፍልሽ በተወለድሽበት መንደር፣ በወንድምሽ በሳኪዩሳ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ስትቆጪ ከዚህ ይሰማኛል፤ ግን ደብዳቤውን ቀደሽ እንዳትጥዪው።

ታውቂኛለሽ፣ ቦታውን በእግሬ ሳልረግጥ ሰው መግደል አይሆንልኝም። የመጀመሪያውን ሬሳ ሌቩካ ወደብ አሮጌ መጋዘን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ሁለተኛውን ሚሲዮኖቹ ከሠሩት ቤተ ክርስቲያን ደወል ሥር። በሦስተኛው መጽሐፌ ደግሞ አንዲት ሴት በድሮ ዘመን ከተራራ ምሽግ ማምለጥ አለባት። ዙሪያው ጥልቅ ቦይ ነው፣ መሻገሪያው አንድ ግንድ፣ ግንዱ ላይ ጠባቂ ቆሟል። እንዲህ ያለ የምሽግ ፍርስራሽ በየደሴቱ ሞልቷል። ሌላ ቦታ መሄድ እችል ነበር። አልፈለግኩም።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማሁት አንድ ታሪክ ነው። ለሌላ ሰው ታጭተሽ ሳለ፣ አባዬ ማዶ ካለችው ትንሽ ደሴት ላይ እየጠበቀሽ፣ ጎህ ሲቀድ የወንድምሽን ጀልባ ገፍተሽ መሄድሽን። ወንድምሽ አሸዋው ላይ ተቀምጦ መረብ ሲጠግን ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየሽም። ከመቀመጫው ሥር ያገኘሽውን በቅጠል የተጠቀለለ ጎደሬ ከአባዬ ጋር ሁለት ቀን በላችሁት። "ጀልባውንም ምሳውንም ሰርቄው፣ በምን ዓይኔ ተመልሼ አየዋለሁ? እሱ እንደሆነ ያን ዕለት ከልቡ ቆርጦ ጥሎኛል" ስትዪ ነው ያደግኩት።

ልጅ ወደ እናቱ መንደር የሚገባው እናቱ ይዛው፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ቀርቦ፣ ፊቱ ለዘመድ ሲታይ እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺ ስላልወሰድሽኝ እንደ ማንኛውም እንግዳ ገባሁ። እንግዳ ሁሉ የሚያቀርበውን፣ ለመጠጥ የሚወቀጠውን የያንጎና ሥር በጋዜጣ ጠቅልዬ ወንድምሽ ፊት አስቀመጥኩ፤ ደራሲ ነኝ፣ ምሽጉን ለማየት ፈቃድ ስጡኝ አልኩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አልተነፈስኩም። ሥሩን ዳሰሰው፣ እጁን እንደ ወጉ አጨብጭቦ ተቀበለኝ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ሚስቱ ቲሊያ ግን አፏን በእጇ ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባችና በሳቅ ስትንፈቀፈቅ ሰማኋት። ቆይታ ወጥታ "የኔ ልጅ፣ እንግዳ ልሁን ካልሽ ይህን የእናትሽን ግንባር እቤትሽ ትተሽው መምጣት ነበረብሽ" አለችኝ። በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ በኋላማ ቤተኛ ሆንኩ። ልጃቸው ኢሶአ የእናቴ ወንድም ልጅ ስለሆነ በወጉ እኔን መተረብ መብቱ ነው፤ ደግሞ መብቱን አያባክንም። "ደራሲዋ፣ ስትገድዪኝ በመጀመሪያው ምዕራፍ ይሁን፣ እስከ መጨረሻው የመጠበቅ ትዕግሥት የለኝም" ይለኛል። "አንተማ ለሬሳነትም አትሆንም፣ ሬሳ እንኳ በሰዓቱ ይገኛል" አልኩት። ቲሊያ ከሳቋ የተነሳ የያዘችውን ዓሣ ጣለች።

ወንድምሽ ግን አያየኝም። ምሳ በልቻለሁ ወይ፣ አልጋው ተመችቶኛል ወይ እያለ በደግነት ይጠይቀኛል፤ ሲጠይቀኝ ግን ባሕሩን ነው የሚያየው። አራት ቀን ሙሉ። ተቀየምኩ። በእናቴ ቂም ይዞ እኔን ይቀጣኛል ብዬ ልቤ ሻከረ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ምሽጉ ራሴ እወስዳታለሁ አለ። በትር ይዞ ከፊት ከፊት ሄደ፤ ኢሶአ ገጀራውን ይዞ ከኋላዬ። ቦዩን ቅጠላ ቅጠል ሸፍኖታል፤ ግን አሁንም ሰው ቢወድቅበት አይወጣም። የድሮዎቹ ቤቶች የቆሙበት የድንጋይ መደብ እንዳለ አለ። ወንድምሽ አንዱ ላይ ተቀመጠና ጀርባውን እንደሰጠኝ "እስቲ ታሪክሽን ንገሪኝ" አለ። ነገርኩት። የቸገረኝ ጠባቂው ነው፣ በመርዝ ላስተኛው ወይስ በድንጋይ ላስመታው አላወቅኩም አልኩት።

ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "ምን አድርጎሽ ነው ምስኪኑን የምትገድዪው?" አለኝ። "ጠባቂው ወንድሟ ይሁን። እሷ ስታልፍ መረቡን ይጠግን፣ ቀና አይበል። ያላየ ሰው ሽማግሌዎች ሲጠይቁት አላየሁም ብሎ ይምላል፤ መሐላውም እውነት ነው። መቅዘፊያዎቹን እንደ ሁልጊዜው ወደ ቤት አያስገባ፣ እዚያው ይተዋቸው። ከመቀመጫው ሥር የተቀቀለ ጎደሬ ያስቀምጥላት። በዛ ይበል፤ ማዶ የሚጠብቃት ሰውም ይርበዋል።"

ኢሶአ ገጀራውን እንደያዘ "አባዬ፣ እዚህ ተራራ ላይ ጀልባ ከየት መጣ?" አለው።

"ልብ ወለድ አይደል እንዴ?" አለ ወንድምሽ።

እማዬ፣ እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ስንት ገዳይ ያጋለጥኩ ሴት፣ ለግማሽ ቀን ዓሣ ማጥመድ የሁለት ቀን ጎደሬ ማን ይይዛል ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ወንድምሽ አልዞረም፤ ኢሶአም በገጀራው ሣር ሲቆርጥ ቆየ።

ስንመለስ ቲሊያን ማድ ቤት አገኘኋትና፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቃል እንኳ ለምን አልላከላትም አልኳት። "እህቱ አይደለች?" አለችኝ። "እህትና ወንድም ቃል ሲለዋወጡ የት አይተሻል? ስሟን እንኳ በአፉ አይጠራም። እሱ ትመጣለች ይላል፣ እሷ ይጠራኛል ትላለች። ሁለት ግትር!" ይህንን ለእኔ የምታስተምሪኝ አንቺ ነበርሽ። ከወንድሜ ጋር ስንቀላለድ ባገኘሽን ቁጥር እህት ወንድሟን ታከብራለች፣ አታወራውም እያልሽ የቆነጠጥሽኝ ቦታ እስካሁን ያመኛል። የእሱን ዝምታ ግን ቁጣ አደረግሽው።

ለምን አያየኝም ብዬም ጠየቅኳት። ያን ጊዜ ሳቋን አቆመች። "የልጅን ፊት ይዛ የምታሳየው እናቱ ናት። እሱ ፊትሽን ሰርቆ አያይም። ይዛሽ እስክትመጣ ይጠብቃል" አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የቀኝ ዓይኑ ከጠፋ ዓመት እንዳለፈው፣ ግራው እስከ ቦዬ መኸር ከቆየ ጥሩ ነው ብለው ሐኪሞች እንደነገሩት ነገረችኝ። ተራራውን የወጣው እግሩ መንገዱን ስለሚያውቀው ነው።

ነይ እማዬ። ከሌቩካ ጀልባ የሚነሳው ሐሙስ ሐሙስ ነው። የዓሣ ነባሪውን ጥርስ አባዬ ከዘመዶቹ ይፈልግ፤ ድስት ከመክፈት ይሻለዋል። ምንጣፉን ቲሊያ ጀምራዋለች፣ እኔም እያገዝኳት ነው፣ የኔ በኩል ጠማማ ነው። ስለ መጽሐፉ እንዳትጠይቂኝ፤ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ከትናንት ጀምሮ በረንዳው ላይ የምቀመጠው በቀኙ በኩል ነው፤ እኔን ላለማየት አንገቱን ማዞር እንዳይደክመው። አንቺ ስትመጪ በግራው በኩል እንገባለን።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ባሕሩን ጸጥ ያድርግልሽ፣ ለጉልበትሽም ብርታት ይስጥልሽ። አባዬን ሳሚልኝ።

ይዘሽኝ እስክትገቢ የምጠብቅሽ፣
ልጅሽ