ግራህን ልቀቅ

ለውድ እህቴ ለእታለም፦

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽን ያምሽ ነበር፣ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደህና ነኝ እያልሽ ታነክሻለሽ? አባዬስ እንዴት ነው? የባለቤትሽስ፣ የጋሼ የመዳፉ ቁስል ጠገገ? ያቺ ለፍላፊዋ ልጃችሁስ አሁንም መምህሯን ታርማለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ፣ ፎቶ የማልልክልሽ ለዚህ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አባዬ የጎረቤት ጉድጓድ ሊጠርግ ሲወርድ ገመዱ ከጋሼ እጅ አምልጦ፣ መዳፉን ልጦት፣ አባዬም ጭቃው ላይ ዘፍ ማለቱን ሳነብ መጨረሻውን ለማየት መስመር ዘለልኩ። እግሩ ወለም ከማለቱ በቀር ምንም እንዳልሆነ ባትጽፊልኝ ኖሮ በዚያ ቀን ሥራ ባልገባሁ። ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ከዚያ በኋላ የጻፍሽው ነው። አባዬ ጋሼን በሰው ፊት «እጀ ሰባራ» ብሎታል፣ ጋሼም ከእንግዲህ ገመድ አልነካም ብሎ ቆርጧል፤ አባዬ ደግሞ ሥራዬን አልተውም፣ ሌላ ገመድ ያዥ እቀጥራለሁ ይላል። የሚቀጥረው ማንን እንደሆነ እናውቃለን፤ ያንን ከጠዋት ጀምሮ የሚንገዳገደውን ጎረቤታችንን ነው። አባዬን ተው የምትለው እማዬ ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና እሷም ብትሆን አልሆነላትም። ስለዚህ እኔ በምችለው በኩል መጣሁ።

ሥራዬን ስትጠይቂኝ ሁልጊዜ «ብረታ ብረት» እያልኩ የማልፍሽ እንዳትስቂብኝ ነው። እዚህ ሰዎች ማንም ሳያሳድዳቸው፣ ከላይም የሚጠብቃቸው ነገር ሳይኖር፣ በዕረፍት ቀናቸው ገደል ይወጣሉ። አንዱ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ ይወጣል፣ ጓደኛው ከታች ሆኖ ገመዱን ይይዝለታል። ቢወድቅ የሚያስቀረው ያ የታቹ ሰው ነው። ግን የሚወድቅን ሰው ባዶ እጅ አይችለውም፤ የማንም እጅ አይችለውም፣ ይህን ለጋሼ ንገሪልኝ። ስለዚህ በእጁና በገመዱ መሃል መዳፍ የምታህል ብረት ትገባለች፤ ወርክሾፓችን የሚሠራው እሷን ነው። ውስጧ የምትዞር ምላስ አለቻት። ገመዱ ቀስ ብሎ ሲሄድ ዝም ትላለች፣ ድንገት ሲጎተት ግን ዞር ትልና ገመዱን ነክሳ ታስቀረዋለች። ሰውየውን ለማውረድ ሲፈለግ ግራ እጅ እጀታዋን ሳብ ያደርጋል፣ ምላሷ ትላላለች፣ ገመዱም ይንሸራተታል። ቀኝ እጅ ምንጊዜም ከገመዱ ላይ አይነሳም። አሁን እንኳ ይህን ስጽፍልሽ ከእጅጌዬ የብረት ብናኝ እየረገፈ ነው፤ ጥቁር ነጥብ ካየሽ ፊደል እንዳይመስልሽ።

ባለፈው ወር አዲስ ያወጣናትን ብረት ስንሞክር ነበር። ሰው የሚያህል የአሸዋ ጆንያ ከጣሪያው ብረት ላይ ሰቅለን፣ የማውረዱ ተራ የእኔ ሆነ። ጆንያው መወዛወዝ ሲጀምር በያጁ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ፣ የአገራችን ልጅ ነው፣ በራሳችን ቋንቋ «ያዘው! ያዘው!» ብሎ ጮኸ። እኔም ያዝኩ። ምን ላድርግ፣ እኛን «ያዝ» ሲሉን ሁለቱም እጃችን ነው የሚሰማው። ቀኜ ገመዱን ሲጨብጥ ግራዬ ደግሞ እጀታዋን ጨብጦ እስከ መጨረሻው ሳባት። ምላሷ ጭራሽ ተከፈተች፣ ቀኜ ብቻውን አልቻለም፣ ጆንያው ወርዶ ፈነዳ፣ የአለቃችንም ምሳ አሸዋ ለበሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አለቃችን ግን አልተቆጣም። ምን ብሎህ ነው አለኝ። ያዝ ነው ያለኝ አልኩት። አንተስ ምን አደረግክ አለኝ። ያዝኩ አልኩት። አሸዋውን ከዳቦው ላይ እያራገፈ፣ የደነገጠ ሰው ይጨብጣል እንጂ አይለቅም፣ እኛ ግን የሠራነው ለማይደነግጥ ሰው ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ሥራችን ሁሉ እጀታዋ ላይ ሆነ። ከልክ በላይ ሲስቧት በራሷ ከምላሷ እንድትላቀቅ፣ ምላሷም መልሳ እንድትነክስ ማለት ነው። ሁለቱን የምታያይዘውን ትንሽ ጥርስ የሞረድኳት እኔ ነኝ። ቶሎ ስትላቀቅ አወራረዱ እንደ ለማጅ ሹፌር መኪና ይንገጫገጫል፣ ስትዘገይ ደግሞ ጆንያ ይፈነዳል። ስንት ጥርስ እንደጣልኩ አልነግርሽም። በመጨረሻ በያጁ ጆሮዬ ሥር ሆን ብሎ እየጮኸብኝ በሙሉ ኃይሌ ጨበጥኳት፤ ቀጭ አለች፣ ጆንያው አየር ላይ ቀረ። በጣም ደስ አለኝ እታለም፤ ከቤት ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንዷን ከገመድና ከመታጠቂያ ጋር በዚህ ደብዳቤ አምጪ እጅ ልኬላችኋለሁ። አለቃዬ ስለ ጉድጓዱ አጫውቼው፣ ከጉድጓዱ አፍ እንዴት እንደምትታሰር በሥዕል አሳይቶናል፣ ሥዕሉም አብሮ አለ። የቤቱ ገመድ ወፍራም ነው፣ አይገባላትም፤ በላክሁት ብቻ ተጠቀሙ። አባዬ መታጠቂያውን ይታጠቅ፣ ማጉረምረም ይችላል። መጀመሪያ ጆንያ አውርዱ፣ የጋሼ እጅ እስኪለምድ ደጋግሙት። ጩኸታችሁንም ለውጡ። አባዬ ከታች ሆኖ ሲደናገጥ «ያዝ! ያዝ!» ማለት ይወዳል፤ ብረቷ ይህንንም ትችላለች፣ ቢሆንም ባትፈተን ይሻላል። ከእንግዲህ ቃሉ «ግራህን ልቀቅ» ይሁን። የጋሼ ቀኝ ገመዱ ላይ ይቆይ፣ ግራው እጀታዋን ይልቀቅ፤ ያኔ አባዬ ካለበት ንቅንቅ አይልም። እንዳይረሳው እጀታዋ ላይ በፊደላችን «ልቀቅ» ብዬ ቀርጬበታለሁ። አለቃዬ ምን ይላል ቢለኝ ነገርኩት፤ ሰው በሚይዝ ዕቃ ላይ ልቀቅ ብሎ የሚጽፍ ገና አሁን አየሁ ብሎ ሳቀ።

ለፍላፊዋን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አዲሱን ጩኸት እሷ ታስተምራቸው፣ ድምፅ እንደሆነ አላት። ለጋሼ ሰላምታዬ ይድረሰው። ናፍቆኛል። አባዬን ከእሱ በቀር ማንም እንዲያወርድልኝ አልፈልግም፣ ዕቃውንም የላክሁት በእሱ ስም ነው። አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝና አንድ ነገር ንገሪው፤ ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት ያቺን «እጀ ሰባራ» ያላትን ቃል በሰማው ሰው ሁሉ ፊት መልሶ ይውሰዳት። አሻፈረኝ ካለ እጀታዋን አሳዪው፤ «ልቀቅ» ብዬ የቀረጽኩት ለጋሼ ብቻ አይደለም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከወርክሾፑ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 12 ቀን