የመቀርቀሪያው ድምፅ

ሰበታ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ተማሪዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ።

ፊልምሽን እንደ ፈተና ወረቀት እንዳርምልሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እሑድ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ስታሳዪ ከፊት ተቀምጬ አየሁት፤ ከዚያም በሰጠሽኝ ፍላሽ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። እስከ መካከሉ ድረስ ቀይ እስክሪብቶ አላነሣሁም። የአባትሽ ሚኒባስ ገበያው አጠገብ ሕፃኑን ሲገጭ ካሜራው ከጎማው ሥር መሆኑ ልክ ነው። የሕፃኑ ክንድ ብቻ ነበር የተሰበረው። «ሞተ! ሞተ!» የሚለው ጩኸት ግን ከአንድ አፍ ተነሥቶ አዳራሹን ሲሞላ እኔም ክንዱን ረሳሁት። ሕዝቡም ያን ቀን እንዲሁ ነው የረሳው። አባትሽ ወደ ትምህርት ቤታችን ሲሮጥ ድንጋዩ ጆሮ ግንዱን ሲያገኘው ፊቱን ሳታሳዪ ድምፁን ብቻ ማሰማትሽ ልክ ነው። ሰው ላይ የሚያርፍ ድንጋይ እንደዚያ ነው የሚሰማው፤ እርጥብ ነው።

ስህተትሽ በሩ ላይ ነው። ካሜራው ዘበኛችንን ኢቲቻን የሚጫወተውን ልጅ ፊት በቅርብ ይዞ ይቆያል። ቀጥሎ የግቢው በር መቀርቀሪያ ሲገባ እንሰማለን። እጅ አላሳየሽም፤ ማንንም አልከሰስሽም። ግን ፊትና ድምፅ ተከታትለው ሲመጡ ተመልካቹ ራሱ ይደምራቸዋል። እሑድ ከአዳራሹ ስንወጣ አንዱ ጎረምሳ ኢቲቻን «አባባ፣ ዛሬስ በሩን አትዘጋም እንዴ?» አለው፤ ጓደኞቹ ሳቁ። ትናንት ጠዋት ደግሞ ከገዛ ደጃፉ ላይ በድንጋይ ፈነከቱት። ዘጠኝ ስፌት ተሰፍቷል። ልጠይቀው ስሄድ፣ እሱ እስከ ዛሬ በኦሮምኛ ነው መምህር የሚለኝ፣ «ባርሲሳ፣ ፊልሙ ጥሩ ነው። እኔን የሆነው ልጅ ግን ጣቶቹ ሁሉ ይታጠፋሉ» አለኝ። ስለ በሩ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም አላለም።

የእሱ ጣቶች ለምን እንደማይታጠፉ ልንገርሽ። በሩ ሲዘጋ ውጭ ነበር። አባትሽን ከላዩ ተኝቶ ሊከልለው ሲል እጁን በፌሮ ቀጠቀጡት፤ ጎትተውም አነሡት።

ደግሞም አባትሽ በሩን እየደበደበ ደጋግሞ «ክፈቱልኝ» ሲል አሰምተሻል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማ፤ ከዚያ አፉን በበሩ ስንጥቅ ላይ አድርጎ «መምህር፣ ልጄን ክፍል አስገቡልኝ፤ እንዳታይ» አለ። ይህን ከውጭ የነበረ ሰው አልሰማውም።

ግቢው ውስጥ አርባ ስድስት ልጆች ነበሩ፤ አንቺም አንዷ ነበርሽ። ቁጥሩን የምጽፈው ትክክል ስለሆነ ነው እንጂ ማመካኛ እንዲሆነኝ አይደለም።

አባትሽ እዚያው በሩ ሥር ሕይወቱ እስኪያልፍ ድረስ፣ በፊልምሽ፣ ከዱላው ድምፅ በላይ የልጆች የማባዛት ሠንጠረዥ ይሰማል። አዳራሹ በሙሉ ያለቀሰው እዚያ ላይ ነው። ያን ድምፅ አልፈጠርሽውም። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ስንደርስ «ጮክ በሉ፣ አልሰማሁም» ያልኩትን አልረሳሽም ማለት ነው። እናንተን ሰምቼ ነበር። እንዳይሰማ የፈለግሁት ሌላውን ነው።

ሰሌዳውን ስደገፍ ከመዳፌ የዝገት አሻራ ቀርቶበት ነበር። በጨርቅ የጠረግሽልኝ አንቺ ነሽ።

በመጪው እሑድ ቡራዩ፣ በሳምንቱ ሱሉልታ እንደምታሳዪ ነግረውኛል። ከዚያ በፊት ኢቲቻን ከዚያ ትዕይንት አውጪልኝ። በፊቱ ፈንታ እጅ አሳዪ፤ ጠመኔ የነካው እጅ። ድምፁም አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው፤ መቀርቀሪያው መጀመሪያ ግማሽ ላይ ይነክሳል፣ በመዳፍ ሲመታ ነው የሚገባው። አሮጌው በር እስከ ዛሬ አልተቀየረም። መቅረጫሽን ይዘሽ ነይ፣ እኔ ከውስጥ እቆምልሻለሁ። ካሜራ ካመጣሽም ፊቴን አልሸፍንም።

ለአባትሽ ነፍስ ይማር ለማለት አፌ አልደፈረም። አንቺን ግን እግዚአብሔር ዓይንሽንም ጆሮሽንም ይጠብቅልሽ።

የአራተኛ ክፍል መምህርሽ