ወረቀቱን ያልደበቁት የወይዘሮ ፖሊክሴኒ ሎይዙ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፖሊክሴኒ ከአባታቸው ከአቶ ሎይዞስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቴኦግኖሲያ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1954 በቆጵሮስ ደሴት፣ በሞርፎ ከተማ አጠገብ ባለች ብርቱካን አምራች መንደር ተወለዱ። ከአራት ልጆች ሁለተኛዋ ነበሩ። በኩሩና ሦስተኛዋ ልጅ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ጣፊያቸው አብጦ ሆዳቸውን ነፍቶት፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ። መንደሩ በረግረጉ ወባ አሳበበ። ወባ ከደሴቱ ከጠፋ ዓመታት አልፈው ነበር፤ አሳባቢዎቹ ግን አላፈሩም።

በአቴና የላቦራቶሪ ሙያ ተምረው፣ ቤተሰቡ በ1974ቱ ጦርነት ተፈናቅሎ በሰፈረበት በሊማሶል በ1976 ሆስፒታል ተቀጠሩ። እዚያም የገዛ ደማቸውን መርምረው ታላሴሚያ የተባለው በዘር የሚወረስ የደም በሽታ ተሸካሚ መሆናቸውን ዐወቁ። ተሸካሚ ጤነኛ ሰው ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት በአንዱ ዕድል ልጁ ቀይ የደም ሴሎቹ በወጉ የማይሠሩ፣ ዕድሜ ልኩን የሰው ደም የሚሻ ይሆናል።

በ1978 ለአንድ አናጢ ታጩ። ሲመረመሩ እጮኛቸውም ተሸካሚ ሆኖ ተገኘ። እናታቸው «የምርመራውን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ክተቺው! አባትሽ እኮ የሙሽራ ቤትሽን ጣሪያ አድርሶልሻል» አሏቸው። «እማዬ፣ ሁለት ልጅ የቀበርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» ብለው መለሱና በሁለቱ ቤተሰብ ፊት አነበቡት። እጮኝነቱ ፈረሰ። የሰፈሩ ትዳር አገናኝ ሴትዮ ቤተሰቡን በሙሉ ከዝርዝሯ ሰረዘች። የሒሳብ መምህር የሆነው ታናሽ ወንድማቸው፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ፣ «የቤታችንን ስም አጎደፈች» ብሎ አራት ዓመት አኮረፋቸው፤ እሱም ሚስቱም ሳይመረመሩ ተጋቡ።

በ1982 የወንድማቸው ልጅ ሮዶቴያ ታማ ተወለደች። ኩርፊያውን ረስተው የመጡት ወይዘሮ ፖሊክሴኒ ናቸው። ወንድማቸው ግን «ከአራት አንድ ከሆነ፣ አንዷ ታመመች፤ እንግዲህ ቀጥለው የሚወለዱት ሦስቱ ጤነኛ ናቸው» ሲል ተከራከረ። ወይዘሮ ፖሊክሴኒ በሁለት ከረጢት አንድ አንድ ጥቁርና ነጭ ባቄላ ከትተው ከየከረጢቱ አንድ አንድ አስወጡት። «አንዱ ከረጢት አባት፣ ሌላው እናት ነው፤ ከሁለቱም ጥቁር ከወጣ ልጁ ታማሚ ነው። አሁን መልሳቸውና እንደገና አውጣ። አንተ ሒሳብ ታስተምራለህ፣ ባቄላ መቁጠር ያቅትሃል? ከረጢቱ ባለፈው ምን እንደወጣ አያስታውስም!»

አልሰማቸውም። በ1984 በአያቱ ስም የተጠራው ልጁ ትንሹ ሎይዞስ እንዲሁ ታሞ ተወለደ፤ በስድስት ዓመቱ ዐረፈ።

ወይዘሮ ፖሊክሴኒ በ1985 ተሸካሚ ያልሆኑትን የአውቶቡስ ሹፌር አቶ ሳቫስን አግብተው ሚሮፎራንና ቴኦካሪስን ወለዱ። ሮዶቴያን በየሦስት ሳምንቱ ደም እንዲሰጣት ይዘዋት ይሄዱ ነበር። ጡረታ እስኪወጡም ከጋብቻ በፊት ለምርመራ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጡ ጥንዶችን ባቄላ አስወጥተዋል። አንድ ቀን እንኳ «ብዬህ ነበር» ብለው ወንድማቸውን አልወቀሱም።

በቆሽት ካንሰር ሰባት ወር ታመው የካቲት 11 ቀን 2023 በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ወንድማቸውና ዛሬ የአርባ ዓመት ሴት የሆነችው ሮዶቴያ አሉ።

ትናንት አክስታችን ወይዘሮ ካሊዮፒ «ልጄ፣ ያልተዳሩ የልጅ ልጆች አሉኝ፤ የደሙን ነገር ዝለለው» ብለው ለመኑ። አልተዘለለም። ያልተዳሩት የልጅ ልጆች እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመዋል፤ ይስሙ፣ ይመርመሩ።

አምላክ የወይዘሮ ፖሊክሴኒን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፤ ለመስማት የዘገየነውንም ይቅር ይበለን።