ስልክ ያልተጻፈባት ቦቴ

ጥቅምት 3

ቦቴዋን ዛሬም ከቤቴ ሦስት መንገድ አርቄ አሳደርኳት።

ሹፌሩ ሳቀ። «እትዬ፣ የተሰረቀች አስመሰሏት እኮ!» ቁልፉን ተቀበልኩት። የሰው ሽንት ቤት እየመጠጥኩ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ከማን ነው የምደበቀው?

ከሰዓት ታላቅ እህቴ ጋ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ሁለቴ ታጠብኩ። ቱቦ ነክቼ አላውቅም። ስልክ አነሳለሁ፣ ሹፌሩን አሰማራለሁ፣ በቃ። የሚሸተው ምኔ ነው?

ሻይ በሰማያዊ አበባዋ ስኒ ቀረበልኝ። ሁሌ በሷ ነው። «ይቺ ያንቺ ናት፤ ማንም አይጠጣባትም» ትለኛለች። እህቴ እንዲህ ናት። ስትወድ ለይታ ነው።

ጥቅምት 7

ቀለም ቀቢው ቦቴዋን አረንጓዴ ቀብቶ ጨረሰ። ብሩሹን እንደያዘ፣ «ስምና ስልኩን የት ላድርገው?»

«የትም።»

«ኧረ እትዬ! ሰው በምን ያግኝዎት? በጠረኑ?»

ጮህኩበት። ምን አደረገኝ ሰውዬው? እውነቱን ነው። ስልኬ የሚጮኸው ከስንት አንዴ ነው። ሹፌሩ ከሚሠራበት ቀን ፀሐይ የሚሞቅበት ይበዛል። በዚህ ከቀጠለ መኪናዋን መሸጤ ነው። አውቃለሁ። እያወቅኩ አላጻፍኩም... እህቴ ብታየውስ?

ጥቅምት 11

እህቴ ደወለች። ጉድጓዳቸው ሞልቷል። እሁድ ደግሞ የልጇ የወደፊት አማቾች ለምሳ ይመጣሉ።

«መኪናሽን ዛሬ ላኪልኝ፤ ግን ሲመሻሽ ይሁን። አንቺ ለእሁዱ ምሳ ነይ እንጂ ዛሬ አትምጪ።»

«ለምን?»

«እንዴ! ጎረቤቱን ምን ልበለው? ለአማቾቹም ትራንስፖርት ነው የምትሠራው ብያለሁ። እንዳታዋርጂኝ አደራ!»

እሺ አልኩ። እሺ! ምነው ምላሴን በቆረጠው...

ጥቅምት 12

ሹፌሩ የትናንቱን እየሳቀ ነገረኝ። ሥራውን ሲጨርስ ውሃ ለመነ። እህቴ በጣሳ ሰጠችው። ጠጥቶ ሲመልስላት በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወስዳ ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው።

«እኔስ እሺ እትዬ፣ ጣሳው ምን አጠፋ?»

እሱ ሳቀ። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። የሷን ጉድጓድ ነው እኮ ያጸዳላት! የሷን!

ጥቅምት 13

ጣሳው ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ጥቅምት 15

እሁድ። ምሳው። ታጥቤ፣ ሽቶ ተርከፍክፌ ሄድኩ። እህቴ ከተከፈተው መስኮት ሥር አስቀመጠችኝ። መስኮቱ ለምን እንደተከፈተ ዛሬ ገባኝ።

ወሬው ሲሞቅ የእህቴ ልጅ እጮኛ አባት ወደኔ ዞሩ። «እርስዎስ፣ በምን ሥራ ላይ ነዎት?»

«ትራንስፖርት!» አለች እህቴ፣ ቀድማኝ።

«ጥሩ ነው። ምን ትጭናላችሁ?»

«ፈሳሽ» አልኩ። እህቴ ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ።

«ፈሳሽ ሲሉ አስታወሱኝ... ይቅርታ፣ ማዕድ ላይ ነን። የግቢያችን ጉድጓድ ገንፍሎ መጣጭ መኪና አጥተን ፍዳችንን እያየን ነው። አንዲት አረንጓዴ ቦቴ በበራችን ታልፋለች። አዲስ ቀለም ቀብተዋት ስልክ አልጻፉባት! ባለቤቱ ምን ዓይነት ሞኝ ነው?»

ተሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው እህቴ ናት። «ተነሺ እስቲ፣ የሻይ ስኒ አምጪልኝ» አለችኝ እየሳቀች።

ትሪውን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። ስኒዎቹ መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። የኔዋን አጣኋት። ሠራተኛዋን ጠየቅኳት።

«የእርስዎማ እዚህ ናት!» ሮጣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁምሳጥን ከፈተችልኝ። ሰማያዊ አበባዬ ከወለል መወልወያው ጎን ተቀምጣለች። ብቻዋን። «ከሌላው ጋር እንዳታጥቢያት ብለውኛል፤ እኔም እጠነቀቅላታለሁ» አለችኝ። የማመሰግናት መስሏታል።

ስንት ዓመት? ፍቅር መስሎኝ ስንት ዓመት ጠጣሁባት?

ባዶውን ትሪ አስቀምጬ ሳሎን ተመለስኩ።

«ሞኟ እኔ ነኝ» አልኳቸው ለእጮኛው አባት። «አረንጓዴዋ ቦቴ የኔ ናት። የምጭነውም የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው። ነገ በጠራራ ፀሐይ በርዎ ላይ ትቆማለች።»

ሰውዬው ጉርሻቸውን ዋጡና፣ «እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ ስልክዎን አይሰጡኝም?»

«መኪናዋ ላይ ያገኙታል።»

እህቴ በሩ ድረስ ተከተለችኝ። ፊቷ በርበሬ መስሏል። «ስኒዎቹስ?» አለችኝ።

«የኔን ጣሳው ጋ ጣያት።»

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ቀለም ቀቢው እሁድም ይሠራል።